ብርጭቆው የበላው ሉል

ጋሪው ቁልቁለቱን ሲወርድ አንደኛው ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ዘለለ። መርፌ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተመለሰች፤ የመሣሪያ ሣጥኗን ግን አልለቀቀችም። ግራና ቀኟ ጎራዴ የታጠቁ ሁለት ወታደሮች ተቀምጠዋል። የገዢው ግቢ አዛዥ ከፊት በበቅሎ ይመራል፤ የካባው ጫፍ የበቅሎዋን ዳሌ ሸፍኖታል። ጊዜው ረፋድ ስለነበር የገበያው መንገድ በሰው ጢም ብሏል። ሰዉ ጋሪውን ሲያይ ዳር ይይዝና፣ የተቀመጠችው ማን እንደሆነች ሲለይ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ያዘነብላል።

«የሌባዋ እህት አይደለችም?» አለ አንድ ጨርቅ ሻጭ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ።

መርፌ ዞረች። «አዎ፣ እህቷ ነኝ! ሌባ ያልከውን ግን ስመለስ ፊቴ ቆመህ ድገመው። ያን ጊዜ እኔም ጨርቅህን በምን ዓይነት ክንድ እንደምትለካ ለሰዉ እናገርልሃለሁ!»

ገበያተኛው ሳቀ። ጨርቅ ሻጩ ወደ ሱቁ ገባ። ከወታደሮቹ ታናሹ ጎንበስ ብሎ፣ «እባክሽ እትዬ፣ እኛንም አታስቀጪን» አላት።

«አንተን ማን ነካህ? አርፈህ ተቀመጥ።»

መርፌ እናቷ ያወጣችላት ስም አልነበረም። ሉል ሰኪ ናት፤ አባቷም አያቷም ሉል ሰኪዎች ነበሩ። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ግማሹ ከእጇ በማይጠፋው መርፌ ምክንያት ነው ይላል፤ ግማሹ በምላሷ። አላገባችም። እናቷ ስትሞት የሁለት ዓመት ሕፃን ትታላት ስለሄደች ዕድሜዋን ያቺን ሕፃን ስታሳድግ ጨረሰችው። ሕፃኗ አድጋ ዐሥራ ሰባት ሞላት፤ ግን አሁንም «ትንሿ» እንደተባለች ቀርታለች። የትንሿ ጣቶች ልዩ ነበሩ። ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ ሉል ቀዳዳ ውስጥ ክሩን ያለ መርፌ ታስገባ ነበር። የመርፌ ዐይን መድከም ከጀመረ ወዲህ የቤቱን ደቃቅ ሥራ ሁሉ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ እስካለፈው ዓመት ድረስ። ባለፈው ዓመት የገዢው ሚስት አምባር ልታሰካ ልካ፣ ልጅቷን ስታይ ወደደቻትና ለእልፍኟ ደንገጡር አድርጋ ወሰደቻት። እምቢ ማለት የሚቻል ነገር አልነበረም።

ከሦስት ቀን በፊት ደግሞ ይህ መጣ። የገዢው ልጅ እሑድ ትዳራለች። በሠርጓ ቀን የምታደርገው የእናቷን ሀብል ነው፤ መቶ ዐሥር ሉል የተሰካበት፣ ሦስት ዙር አንገት የሚዞር፣ ከቅድመ አያቶቿ የወረደ። የግቢው አንጥረኛ አዲስ የወርቅ ማያያዣ ሲገጥምለት አንዱ ፍሬ በጉጠቱ መሀል ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሉል እንዲህ አይሰበርም። ውስጡ ባዶ ብርጭቆ ሆኖ በሰም ተሞልቶ ተገኘ። ግቢው ታመሰ። የሉል ሥራ የሚያውቅ በግቢው ውስጥ ማን አለ? የሰኪ ልጅ፣ የሰኪ እህት። እዚያው ምድር ቤት ወረወሯት፤ መደብደቧም እስከ ሰፈሩ ተሰማ። በገዢው ሕግ የሌባ ቅጣት አንድ ነው፤ እጁ ከአንጓው ይቆረጣል።

መርፌን የጠሯት ሌላ ሰው ስላጡ ነው። ከተማው ውስጥ ከሉልና ከብርጭቆ የትኛው የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ መለየት የምትችል እሷ ብቻ ነበረች።

«ስንቱ እንደተሰረቀ ቆጥረሽ ትናገሪያለሽ» አላት አዛዡ፣ ግቢው በር ላይ ከበቅሎዋ ሲወርድ። «ለእህትሽ ብለሽ ብትዋሺ ከጎኗ ትቀመጫለሽ።»

«ያስደበደብካት አንተ ነህ?»

«አፍሽን ሰብስቢ።»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

አዛዡ ወደ አዳራሹ ሳይሆን በጎን በር፣ በጠባብ ደረጃ ወደ ላይ ወሰዳት፤ ከአንድ ወፍራም መጋረጃ ፊት ለፊት ቆሞም፣ «እመቤቴ አስቀድመው ሊያዩሽ ይፈልጋሉ» አለና ትቷት ወረደ።

እመቤቲቱ ብቻዋን ነበረች። ደንገጡሮቿን አስወጥታለች። በመስኮቱ አጠገብ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሀብሉ በጥቁር ከፋይ ላይ ተዘርግቷል። ፊቷን ተኳኩላለች፤ ነገር ግን ከዐይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ኩሉም ዱቄቱም አልሸፈነውም። መርፌ እጅ ነሣች።

«እህቴ ደኅና ናት?»

«በሕይወት አለች።»

«እሱን አልጠየቅኩም፣ እመቤቴ።»

«መጀመሪያ ይህን እዪው» አለች እመቤቲቱ።

መርፌ ሀብሉን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው። አንድ ጊዜ በጣቶቿ መሀል አሳለፈችው። ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታሳልፈው እጇ ቆመ።

የሙያው ሰው ሉል ሲሰካ በእያንዳንዱ ፍሬ መሀል ቋጠሮ ያበጃል። ክሩ ቢበጠስ የሚወድቀው አንዱ ብቻ ነው፤ ፍሬዎቹም እርስ በርሳቸው አይፋተጉም። ትንሿ ይህን በስድስት ዓመቷ ተምራለች፤ ተኝታም ብትሆን አትስተውም። እዚህ ላይ ግን ቋጠሮው ያለው በየአምስቱ ፍሬ ነው። እሱም ቢሆን የሙያተኛ ቋጠሮ አይደለም፤ ጥልፍ ጠላፊ ሴቶች የክራቸውን ጫፍ የሚይዙበት ዓይነት ድርብ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮዎቹም በላብና በሽቶ ቅባት ጠቁረው ድንጋይ ሆነዋል።

«ይህ የትናንት ሥራ አይደለም» አለች መርፌ ቀስ ብላ። «ይህ...»

«አዲስ ነው በይ።»

መርፌ ቀና አለች።

«ክሩ አዲስ ነው፣ ከተቀየረ ዓመት አይሞላውም በይ» አለች እመቤቲቱ። ቃሎቹ ተጠንተው የቆዩ ይመስል ተከታትለው ወጡ። «እጇ አይቆረጥም። ባሌ እግር ላይ ወድቄ አስምራታለሁ። ከአገር ትውጣ ይባላል፤ አንቺም አብረሻት ትሄጃለሽ። ስንቃችሁንም፣ የምታርፉበትንም እኔ አስባለሁ።»

ከእመቤቲቱ ወንበር አጠገብ የተጀመረ ጥልፍ በክብ እንጨቱ ላይ ተወጥሮ ቆሟል። መርፌ ጥልፉን አየች፤ በጀርባው በኩል የተንጠለጠሉትን ድርብ ቋጠሮዎች አየች።

«እርስዎ ነዎት።»

እመቤቲቱ አልካደችም። ዐይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ ታሪኩን ነገረቻት። ከስድስት ዓመት በፊት ገዢው የፈረሰኛ አለቃ ሳለ በጦርነት ተማርኮ ዐሥራ አራት ወር በጠላት ምሽግ ታስሮ ነበር። ይህን አገር ሁሉ ያውቃል። የእስር ቤቱን ዘበኛ አንቆ፣ አጥር ዘሎ እንዳመለጠ ደግሞ እሱ ራሱ በየግብዣው ሲያወራው ያልሰማ የለም። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ምግብ የገባለት፣ ሰንሰለቱ የላላለት፣ በመጨረሻም በሩ ሳይቆለፍ ያደረለት ከምሽጉ ሹም ጋር በምስጢር በተደረገ ስምምነት ነው። በየጊዜው አንድ ታማኝ ሰው ሦስት ሦስት፣ አራት አራት ሉል በጨርቅ ቋጥሮ ይወስዳል። እመቤቲቱ በጎደለው ቦታ ከባሕር ማዶ ነጋዴ ያገኘችውን ብርጭቆ እየተካች፣ በሯን ዘግታ በገዛ እጇ ሰካችው።

«አያውቅም» አለች። «ቢያውቅ ይሞታል፤ ወይ ይገድለኛል። ኩራቱ ነው የሚያኖረው። እኔ ያደረግኩት እሱን ለማዳን ነው። አንቺም እህት አለሽ፤ ይገባሻል።»

መርፌ ሀብሉን ከፋዩ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ዕድሜዋን ሙሉ ለትልቅ ሰው ስታቀርብ የኖረችው አክብሮት እንደ አሮጌ ክር ተበጠሰ።

«ባልሽን አድነሻል፤ ደግ አደረግሽ!» አለች። «በገዛ ሉልሽ አዳንሽው። የራስሽ ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም። አሁንስ? አሁን ስምሽን በማን እጅ ልታድኚ ነው? በእህቴ እጅ?»

እመቤቲቱ ብድግ አለች። ከእናቷ ወዲህ ሴት ሆና «አንቺ» ያለቻት አልነበረችም። «ማን ፊት እንደቆምሽ አትርሺ!»

«አልረሳሁም። አንቺ ነሽ የረሳሽው! ሦስት ቀን ሙሉ ከእግርሽ ሥር ስትደበደብ፣ ጩኸቷ እዚህ ድረስ እየተሰማሽ፣ ጥልፍሽን ስትጠልፊ ነበር። ፀጉርሽን የምታበጥርልሽ ልጅ ናት! ልጅሽ እሑድ እንድትዳር እኔ የልጄን እጅ ዛሬ ላስቆርጥ?»

«አይቆረጥም አልኩሽ...»

«ሌባ ተብላ ትውጣ ነው የምትይኝ! በየደረስንበት አገር ሌባ ሆና ትኑር ነው የምትይኝ! ሉል ሰኪ ሌባ ከተባለ ማን አንድ ፍሬ ያምነዋል? እጇን ትተሽላት እንጀራዋን ልትቆርጪ ነው።»

መጋረጃው ውጭ የአዛዡ ሳል ተሰማ። «እመቤቴ፣ ጌታዬ አዳራሽ ገብተዋል።»

እመቤቲቱ የመርፌን ክንድ ያዘች። ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል። «እለምንሻለሁ» አለች። መርፌ ክንዷን መንጭቃ ሣጥኗን አነሣች።

አዳራሹ ሰፊ ነበር፤ መስኮቶቹ ረጃጅሞች፤ ግድግዳው ላይ ጋሻና ጦር ተደርድሮበታል፤ መኳንንቱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ገዢው ሦስት ደረጃ ባለው መድረክ ላይ ተቀምጧል፤ ጠይም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ በጥንቃቄ የተከረከመ ሰው። እመቤቲቱ ከግራው ተቀመጠች። ከታች ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። አንጥረኛው፣ ጎባጣ ሽማግሌ፣ ሀብሉን የሰበረው እሱ ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ የሆነ ይመስል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ለመርፌ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አቀረቡላት። ከሣጥኗ ትንሿን የነሐስ ሚዛን፣ አጉሊ መነጽር፣ ጉጠት፣ አንድ ረጅም መርፌና ሻማ አወጣች።

«ክሩን ልበጥሰው፣ ጌታዬ?»

«የመጣሽው ለዚያ አይደል?» አለ ገዢው።

በጠሰችው። ፍሬዎቹን በከፋዩ ላይ በተሰኩበት ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። ከዚያ አንዱን አንሥታ በፊት ጥርሷ ጫፍ ላይ በስሱ አሻሸችው፤ ወደ ቀኝ አስቀመጠችው። ሌላውን አነሣች፤ ወደ ግራ። መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ ሳቅ አመለጠው።

«በጥርስ ነው እንዴ የሚለየው?» አለ ገዢው።

«በጥርስ ይጀመራል፣ ጌታዬ። ሉል በባሕር ዛጎል ሆድ ውስጥ በስስ በስሱ እየተነባበረ ነው የሚያድገው። ለዐይን የለሰለሰ ይምሰል እንጂ ለጥርስ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል። ብርጭቆ ያሟልጫል። ራስዎ ይሞክሩት።»

ገዢው እጁን ዘረጋ። ሁለት ፍሬ አቀበለችው። አንዱን አሻሸ፤ ሌላውን አሻሸ፤ ቅንድቡ ተነሣ። ከዚያ ወደ አንጥረኛው ዞሮ፣ «ይህን ያህል ቀላል ከሆነ አንተ ለምን አትለይልኝም ነበር?» አለው።

ሽማግሌው አፉን በእጁ ሸፈነ። «ጌታዬ... የፊት ጥርስ የለኝም።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ገዢውም ሳቀ። መርፌ ግን ቀና አላለችም፤ ሳቁ ከእግራቸው ሥር ምድር ቤት ድረስ የሚሰማ ይመስላት ነበር።

በጥርስ የለየችውን በሚዛን አረጋገጠች፤ ባዶው ብርጭቆ ሰም ቢሞላም ከሉሉ ይቀላል። በመነጽር ደገመች፤ ሉል አንዱ ከአንዱ ትንሽ ይጣመማል፣ አንዱ ሮዝ ይነካዋል፣ አንዱ አረንጓዴ፤ ብርጭቆዎቹ ግን ከአንድ ማኅፀን የወጡ መንታዎች ናቸው። በመጨረሻ ሻማ ለኩሳ የመርፌዋን ጫፍ አጋለችና ከግራዎቹ ወደ አንዱ ቀዳዳ አስገባች። ብጫ የሰም ጠብታ ወጥቶ ከፋዩ ላይ ፈሰሰ። ሽታው እስከ መድረኩ ደረሰ። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

«አንዱ አስቀድሞ ተሰብሯል» አለች። «ከቀሩት መቶ ዘጠኝ ፍሬዎች ስልሳ ሦስቱ ሉል ናቸው። አርባ ስድስቱ ብርጭቆ።»

ገዢው ፊቱ ጠቆረ። «አርባ ስድስት! እንግዲህ ተረጋገጠ። ጸሐፊ፣ ጻፍ...»

«አልጨረስኩም፣ ጌታዬ።»

አዛዡ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። «ጌታችን ሲናገሩ...»

«የጠራኸኝ እንድለይ ነው፤ ገና እየለየሁ ነው!» አለችና ከቀኝ በኩል አንድ ሉል መርጣ፣ ከአጉሊ መነጽሩ ጋር ይዛ ራሷ ደረጃውን ወጣች። ማንም አላስቆማትም። «ቀዳዳውን ይመልከቱ፣ ጌታዬ። በዚህ በኩል ንጹሕ ነው፤ ጎረቤቱ ሉል ነበር። በዚህ በኩልስ?»

ገዢው በመነጽሩ አየ። «ተቦርቡሯል። ጎድጎድ ብሏል።»

«ጎረቤቱ ብርጭቆ ነበራ። ብርጭቆ ከሉል ይጠነክራል። መሀላቸው ቋጠሮ ከሌለ፣ ሀብሉ በተለበሰ ቁጥር፣ አንገት በተንቀሳቀሰ ቁጥር፣ ብርጭቆው ሉሉን ይበላዋል። እመቤቴ ይህን ሀብል በዓመት ስንት ቀን ያደርጉታል?»

ገዢው ወደ አዛዡ ተመለከተ። «አራት፣ ቢበዛ አምስት ቀን» አለ አዛዡ ሳይወድ።

«በዓመት አምስት ቀን እየተለበሰ ይህን ያህል ለመብላት ከአምስት ዓመት ያላነሰ ይፈጃል። ቋጠሮውም ቅባት ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል፤ እዚያ ከፋዩ ላይ አለ፣ አንጥረኛው ይመስክር።» ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። የመርፌ ድምፅ ከፍ አለ። «እህቴ እዚህ ቤት የገባችው ባለፈው ዓመት ነው። ይህ ሀብል ብርጭቆ ሲሞላ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ ቤት፣ እኔ ጉያ! ሰኪ የሚሰርቅ ቢሆን ደግሞ በየፍሬው ቋጥሮ፣ ማንም እንዳይነቃበት አድርጎ ነበር የሚሰካው። ይህን የሰካው ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የደበደባችሁት ይህን አንዴ እንኳ ሳትጠይቁ ነው። አንድ ሰው ቀዳዳውን አላየም። አንድ ሰው!»

«ታዲያ ማነው?» አለ ገዢው።

«የእህቴ እጅ አይደለም። ከዚያ በላይ አልተጠራሁም።»

«ታውቂያለሽ። ከፊትሽ ይነበባል። ተናገሪ፣ ያለዚያ...»

«ያለዚያ ምን? እኔንም ምድር ቤት ያስገቡኝ?» መርፌ ፊት ለፊቱ ቆማ ዐይኑን አየችው። «ከአምስት ስድስት ዓመት በፊት የዚህ ሀብል ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ እንደነበረ እኔን ይጠይቁኛል? እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ፣ ጌታዬ?»

ገዢው ቀስ ብሎ ወደ ግራው፣ ወደ ሚስቱ ዞረ።

እመቤቲቱ ተነሣች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተሰበረም። «እኔ ነኝ። አርባ ሰባቱንም በገዛ እጄ አወጣኋቸው። የምሽጉ ሹም ነው የወሰዳቸው። በሩ ሳይቆለፍ ያደረልዎት በዚያ ነው። አጥር አልዘለሉም።»

የገዢው ደም ከፊቱ ሸሸ። መርፌ ይጮኻል ብላ ጠበቀች፤ ወይም ያለቅሳል። እሱ ግን አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ፤ ጸሐፊውን፣ መኳንንቱን፣ አንጥረኛውን። «ይህን ማን ሰማ?» አለ። «ጸሐፊ፣ ብራናውን ወዲህ አምጣ። ሌላው ውጣ! ከዚህ አንድ ቃል የወጣ እንደሆነ ምላስ ይቆረጣል።» ከዚያ እጁን ወደ አዛዡ አወናጨፈ። «ልጅቷን በጓሮ በር አስወጣት። ልብስ ስጣት።»

መርፌ ሰማችው። በዚያች ቅጽበት ንዴቷ ከቀድሞው ሁሉ የከፋ ሆነ። የፈራ ሰው ንዴት አይደለም፤ ፍርሃት ያለቀበት ሰው ንዴት ነው።

«በጓሮ በር አይደለም የወሰዳችኋት» አለች። «በዓለም ፊት ሌባ ብላችኋታል። በዋናው በር ነው የምትወጣው። ልብስ አንፈልግም። ልብስ አለን።»

ገዢው ሊናገር ሲል እመቤቲቱ ከመድረኩ ወረደች። አዛዡ ፊት ቆማ መዳፏን ዘረጋች። «ቁልፉን።»

«እመቤቴ፣ ምድር ቤቱ ለእርስዎ...»

«ቁልፉን አምጣ አልኩህ!»

ምድር ቤቱ የወይን ጋን ይቀመጥበት የነበረ፣ አሁን ግን አሮጌ ዕቃ የተጣለበት ዝቅተኛ ክፍል ነበር። እመቤቲቱ በሩን ራሷ ከፈተች። ትንሿ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ብርሃኑ ሲመታት እጇን ለመከለል አነሣችና ዋጥ አድርጋ አቃሰተች። የቀኝ እጇ ጣቶች አብጠው ጠቁረዋል፤ ሁለቱ ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል።

መርፌ ሣጥኗን ጣለችና ተንበረከከች። የት እንደምትይዛት ግራ ገባት።

«እትዬ» አለች ልጅቷ። «ትናንት አዎ ብያቸዋለሁ። ጣቴን በዘንግ ሲመቱኝ አልቻልኩም፤ እኔ ነኝ አልኳቸው። አትቆጪኝም?»

«አልቆጣሽም፣ የኔ እናት። አንቺን አልቆጣሽም።»

ከኋላቸው እመቤቲቱ መሬት ላይ ተንበረከከች፤ የሐር ቀሚሷ ጭቃው ላይ ተዘረጋ። «ይቅር በይኝ» አለች።

ትንሿ ቀና ብላ አየቻት። «እመቤቴ፣ አልሰረቅኩም ብዬ እግርዎ ላይ ወድቄ ነበር። ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው ዛሬ አይደለም» አለች ልጅቷ፤ ያለ ቁጣ፣ እንደ ደከመው ሰው። «አንድ ቀን እል ይሆናል። ዛሬ አይደለም።»

መርፌ ብብቷን ደግፋ አስነሣቻት። በሰፊው ግቢ መሀል፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ ባልደረቦችዋ ደንገጡሮችና የጋጣ ሠራተኞች ቆመው እያዩ ቀስ ብለው ሄዱ። አንዲት ደንገጡር ሮጣ መጥታ የልጅቷን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። ዘበኞቹ የዋናውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ከፈቱት። ማን እንዳዘዛቸው አልታወቀም።

ዓርብ ከሰዓት አዛዡ ብቻውን፣ ያለ ወታደር፣ በእግሩ መጣ። ጠባቧ ቤት ውስጥ ሲገባ ራሱን ዝቅ ማድረግ ነበረበት። ወጌሻው የትንሿን ጣቶች በቀርከሃ ስንጣሪ አስሯቸው ነበር፤ እሷ በሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ በግራ እጇ ክር ለመጠምጠም ትሞክራለች። አዛዡ ወደዚያ አላየም። ከካባው ሥር ትንሽ ሣጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ስልሳ ሦስቱ ናቸው» አለ። አሁን «እርስዎ» እያላት ነበር፤ ራሱም ሳይታወቀው አልቀረም። «በአንድ ዙር ቢሰኩልን ለሙሽራይቱ ይበቃል ተብሏል። ከእርስዎ በቀር የሚችል የለም።»

መርፌ ሣጥኑን አልከፈተችም። «በእኔ ዐይን የሚሰካ አይደለም። ቀዳዳቸው ጠባብ ነው፤ ግማሹም ተበልቷል። ደቃቁን ሥራ እዚህ ቤት የምትሠራው እሷ ናት።»

አዛዡ ያን ጊዜ ነው ወደ ልጅቷ እጅ ያየው። ዐይኑን ቶሎ መለሰ።

«እትዬ» አለች ትንሿ በዝግታ፣ «ሙሽራዋ ምን አጠፋች?»

«አንቺስ ምን አጥፍተሽ ነበር?»

መርፌ ሣጥኑን አንሥታ በአዛዡ ደረት ላይ አስደገፈችው፤ እስኪይዘውም አልለቀቀችም።

«ሠርጉ እኮ እሑድ ነው» አለ አዛዡ።

«ጣቷ እስከ እሑድ አይድንም» አለች መርፌ፤ በሩንም ከፈተችለት።